ከአፋቸው የቀደመ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። አንድ ሰውዬ ወጥ አሠራር ሲያስተምር ድምፁ ይቀድምና አፉ ከኋላ ይከተላል። «እማ፣ እይው እስቲ! ሽንኩርቱን ሳያነሳው ከትፎ ጨረሰ!» አለችኝ። ለወጉ ፈገግ አልኩላት እንጂ ሳቅ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ዛሬም አንድ የሠርግ አዳራሽ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ከደብረ ብርሃን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መቀሌ መጥቼ፣ ከክፍል በተረፈኝ ሰዓት ሓድነት ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት የሠርግ ፊልም አቀናብር ነበር። የቅርብ ጓደኛዬ ለታይ ትባላለች። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለው ቤታቸው እሑድ እሑድ ካልሄድኩ አባቷ አቦይ ሐጎስ ይቆጡኛል። አቦይ የማር ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው መሐል ቆመው ሰው ሲጣሩ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ይሰማል። ምርቃታቸውም የታወቀ ነበር፤ በሰፈሩ ልጁን የሚድር ሰው እሳቸውን ሳይጠራ አይድርም።

በለስ በየመንገዱ ዳር እየተላጠ በሚሸጥበት በዚያ ክረምት ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ብርድ ነው ተባለ፤ ዝንጅብል በማር ተጠጣ። አልለቅ ሲል ዓይደር ሆስፒታል ወስደን አስመረመርናቸው። ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ማንቁርታቸው መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ መናገር አይችሉም ተባልን። ለታይ ደግሞ ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል።

አቦይ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሁልጊዜ «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«ጓለይ፣ ያ ካሜራሽ አለ አይደል?»

«አለ አቦይ።»

«በይ አምጪው። ልጄን አሁን እመርቃታለሁ፤ ለጥር ታሰሚልኛለሽ።»

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቀረጽኳቸው። ነፋሱ ስለበረታ የካሜራውን ድምፅ አላመንኩትም፤ ትንሽ ድምፅ መቅጃ በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ አኖርኩ። የመረቁት በትግርኛ ነበር። «የወጣሽበት ቤት አይፍረስ፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅ» እያሉ ሄደው ሄደው መጨረሻው ላይ ሳል ያዛቸው። በማግሥቱ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን ቀረ።

ጥር ሲቃረብ ሥራው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁንና ምስሉን ስገጥማቸው መጀመሪያው ልክ ይመጣል፤ እየቆየ ግን ድምፁ መቅደም ይጀምራል። ካሜራውና መቅጃው እኩል አይሮጡም ነበር። ምርቃቱ ሊያልቅ ሲል አፋቸው ገና እየተናገረ ቃሉ አልቋል። ድምፁን ወደ ኋላ ስገፋው መጀመሪያው ይበላሻል፤ ስለጥጠው የማላውቀው ሰው ድምፅ ይሆንብኛል። ደህና ቦታ ደረስኩ ስል መብራት ይጠፋና የሠራሁት አብሮ ይጠፋል። ሌላ ሥራ ቢሆን «እንደገና እንቅረጸው» ይባላል። ይህ ግን የሚቀረጽ ድምፅ የለውም። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ለታይ በየቀኑ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትለኝ «እየደረሰ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቦይ ራሳቸው መጡ። አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እንድከፍተው በእጃቸው አመለከቱኝ። የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥያቸው ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ገጠም፣ ከፈት አደረጉልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ «በ» እና «መ» ሲባሉ ከንፈር ይገጥማል። ድምፁን በየትንፋሹ ቆራረጥኩት። ምስሉ ላይ ከንፈራቸው በገጠመ ቁጥር አቦይ ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ፤ እኔ ቃሉን እዚያው አስቀምጣለሁ። ትግርኛዬ በማይደርስበት እሳቸው ይደርሱልኛል። ስንጨርስ አፋቸውና ድምፃቸው አንድ ሆነ። ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ጥሕሎው በየገበታው ቀርቦ እንግዳው የገብስ ድቡልቡሉን በሥጋ ወጥ እያጠቀሰ ይጎርሳል። ተራው ሲደርስ ምስሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ታየ፣ ድምፁ ከሞንታርቦው ወጣ፤ ወጣና ቀደመ። የአዳራሹ ኮምፒውተር ምስሉን መሸከም አቅቶት ይንቀራፈፋል። መጀመሪያ ሕፃናቱ ሳቁ፤ ከዚያ ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች። «የህንድ ፊልም ነው እንዴ!» አለ አንዱ።

ለታይ ከነቬሎዋ ወደ እኔ ዞረች። «አጥፊው! በእናትሽ አጥፊው፣ ሓፍተይ፣ እህቴ!»

ጣቴን የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ላይ አደረግኩ። ባጠፋው ምርቃቱ ሊቀርባት ነው፤ ብተወው አባቷ መሳቂያ ሊሆኑ ነው።

አቦይ ተነሡ። ቀስ ብለው መጥተው ጋቢያቸውን ፕሮጀክተሩ ላይ ጣሉበት፤ ጨርቁ ጨለመ። ከመጀመሪያው እንድጀምረው በእጃቸው አሳዩኝ። መለስኩት። ልጃቸው ፊት ቆሙና ከድምፁ ጋር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። ለታይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እንደዚያው አንገቷን እንደደፋች ቀረች። የሚስቅ ጠፋ። የተወሰነ መንገድ አብረው ሄዱ። «የገባሽበት ቤት» ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና ድምፁ ጥሏቸው አለፈ። ሊደርሱበት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አፋቸውን ዘግተው ሁለቱንም እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፤ ድምፁ ብቻውን መርቆ ጨረሰ። አዳራሹ «አሜን» አለ።

አቦይ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ዛሬ የሉም። ለታይ አሁንም አልፎ አልፎ ቪዲዮውን ትጠይቀኛለች። የምትፈልገው ያን በመከራ ያስተካከልነውን አይደለም፤ እሱማ እጇ ላይ አለ። የምትፈልገው የአዳራሹን ነው። እሱን ማንም አልቀረጸውም፤ የሠርጉ ካሜራ ያዥ እንኳ ካሜራውን አውርዶ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ስለዚህ በተገናኘን ቁጥር እነግራታለሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ስለነበር የአባቷን ፊት አላየችም። እኔ አይቻለሁ።