ሁሉንም መሆን የሚችል ትምህርት ቤት

«ግድግዳዎቹ ተንሸራታች ስለሆኑ ትምህርት ቤቱ ችግር ሲመጣ መጠለያ ይሆናል፤ ክሊኒክም ይሆናል» አለ አርክቴክቱ። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ዛሬ ኩታበር የተሰበሰብነው የማስተምርበትን፣ ጦርነቱ ያፈረሰውን ትምህርት ቤት እንደገና ለመሥራት ነው።

ያ ትምህርት ቤት ተንሸራታች ግድግዳ ሳይኖረው የወታደር ካምፕም፣ ሆስፒታልም፣ የተፈናቃይ መጠለያም ሆኗል። ዴስኮቹ ማገዶ ሆነዋል። (የቀረው የሠርግ አዳራሽ መሆን ብቻ ነበር።)

አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ ሰይድ፣ የተማሪዬ አያት፣ ተነሡ። «ወላሂ አሳምረኸዋል። ግን ልጄ፣ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን አትሠራልንም?»

ሰብሳቢው «ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ።

የእናንተስ ትምህርት ቤት በጦርነቱ ምን ምን ሆኖ ነበር? ትምህርት ቤት ሆኖ የከረመ ካለ ደግሞ የት እንደሆነ ጻፉልኝ፤ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።