የወንድሜን ቃል መድገም አቃተኝ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሞጣ ከተማ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ ጓሮ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከአዱኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር... ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የተጣላነው ቢቸና በአባታችን ግቢ በነበረው ዋንዛ ምክንያት ነው። ሳይነግረኝ ቆረጠው፤ እኔም ተቆጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ቀረ። አሁን ግን ልጁ ሰብለ ልትዳር ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ ሙሽራዋን መመረቅ የእኔ የታላቁ ድርሻ ነው። እሷም «አጎቴ ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነግራናለች።

ቢቸና ውስጥ ዘመዳችን ያልሆነ ሽማግሌ ማግኘት ቸገረን። ዘመድ ያልሆነውም አንድ ቀን እኔ ፊት ችሎት የቆመ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም የምናከብራቸውን የሞጣውን ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ኑሩን መረጥን።

እውነቱን ልናገር... ዕድሜዬን በዳኝነት ያሳለፍሁ ነኝና «ይህማ ቀላል ነው» ብዬ ነበር የሄድሁት።

ሐጂ ሁለታችንንም በየተራ፣ ሳያቋርጡ ሰሙን። ከዚያም «በሉ አሁን አንዳችሁ የሌላውን ቃል ንገሩኝ። ባለቤቱ ‹አዎ፣ ይህ ነው ያልሁት› እስኪል ድረስ ከዚህ የሚነሣ የለም» አሉ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ወንድሜ የሚለው፣ ዛፉ ለቤቱ አስጊ ስለሆነ በመቁረጡ ጥፋት የለበትም ነው።»

«አላልሁም» አለ አዱኛ።

«ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ጣሪያው ላይ በመውደቁ፣ ተጨማሪ ጉዳት ለመከላከል ሲል...»

«ኧረ ጋሼ! ውሳኔ ነው እንዴ የሚያነቡልን?»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ክቡር ዳኛ፣ መዝገቡን ይዝጉትና ሰውየውን ይንገሩኝ።»

የተናገረውን ከመጀመሪያው አስታወስሁ። ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብዬ የዘለልሁት ነገር ነበር።

«ቅርንጫፉ የወደቀው ሰብለ ከምትተኛበት ክፍል ላይ ነው። ለጥቂት ነው የተረፈችው። እኔ ግን ወሬውን ሰምቼ ስደውል መጀመሪያ የጠየቅሁት ‹ዛፉን ማን ቁረጥ አለህ?› ብዬ ነው። ስለ ልጅቱ አልጠየቅሁም።»

አዱኛ አቀረቀረ። «አዎ። ይህ ነው ያልሁት።»

ተራው የእሱ ሆነ።

«ጋሼ ቢቸና ውስጥ ቤት የላቸውም፤ ማሳም የላቸውም። ሁሉንም ለእኔ ትተውልኛል። ከአባታችን የቀረቻቸው ያቺ ጥላ ብቻ ነበረች። ሲመጡ ወደ ቤት ሳይገቡ በፊት ሻንጣቸውን ከሥሯ አስቀምጠው አረፍ ይሉ ነበር። እኔ እሷን ስቆርጥ በገዛ አገራቸው እንግዳ አደረግኋቸው።»

እኔ ይህን አልተናገርሁም። ያልሁት «ሳያማክረኝ ቆረጠ» ብቻ ነበር።

«ይህ ነው ያሉት?» ሲሉ ሐጂ ጠየቁኝ።

«አላልሁትም» አልሁ። «ልለው የፈለግሁት ግን ይህ ነው።»

ተነሥተን ተቃቀፍን። ሐጂም ዓይናቸውን እየጠረጉ «ከዚህ በኋላ ሽማግሌ አያስፈልጋችሁም፤ የሙሽራዋ ልብስ ግን ከእኔ ሱቅ ነው» አሉ።

የፊታችን እሑድ ሰብለን እመርቃለሁ። አዱኛ ወንበሬን ከጉቶው አጠገብ እንደሚያኖርልኝ ነግሮኛል። ያሳደግሁት ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን በማየቴ፣ ከማንኛውም ሹመቴ ይልቅ ኮራሁ።

በችሎት ዘመኔ ብዙ አንደበተ ርቱዕ ጠበቆች ሰምቻለሁ... ከሁሉም በልጦ ስለ እኔ የተናገረልኝ ግን ባላጋራዬ ነበር።