በር ከፋቹ የሂልካ ዳሌ

ሂልካ ሙስቶነን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ የበረዶውን ወራት የምታሳልፈው ኢናሪ ሐይቅ ዳር፣ አልጋም ምድጃም ባለው ቤት-መኪናቸው ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። ብቻዋን!

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ኡርሆ፣ ይህ አልዋጥ ብሎታል። የሱም ቤት-መኪና ከሷ አጠገብ ነው የሚቆመው። ገና ሐይቁ በረዶ ሲይዝ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አላት፦

«አንድ ቀን በሩ በረዶ ነክሶት እምቢ ሲልሽ እኔን ትጠሪያለሽ። የዚያን ዕለት መኪናውን እንሸጣለን።»

«እሺ። በራሴ ከከፈትኩት ግን ስለ መሸጥ ትንፍሽ አትልም!»

ከዚያ ወዲህ ሂልካ በየቅዳሜው የበሩን ዙሪያ ጎማ በረዶ እንዳይነክሰው በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ ግሊሰሪን ትቀባዋለች። ላየ ሰው አራስ ልጅ የምትቀባ ነው የምትመስለው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሆኖ፣ በጋራው የእንፋሎት ቤት፣ በሳውናው፣ የሴቶች ተራ ደረሰ። ሂልካ አንድ ዙር ሞቃ ወጣች፤ እየሮጠች መጥታ እርጥብ ፎጣዋን ከበሩ በላይ በውጭ ካለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለች፣ ደረቅ ፎጣ ከውስጥ አንስታ በሩን ድርግም አድርጋ ለሁለተኛው ዙር ተመለሰች። ስትመጣ የፎጣው ጫፍ በበሩ ተይዞ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ውሃውም ጎማው ላይ በረዶ ሆኗል። በሩ ንቅንቅ አላለም!

የለበሰችው ጋዋንና የሱፍ ቦት ጫማ ብቻ ነው። እርጥብ ፀጉሯ በረዶ ይዞት ቆሞ ይንኮሻኮሻል። ኡርሆ ደግሞ ደጁ ላይ ቋሊማ እየጠበሰ ነው።

«ዋርሳዬ! ምነው ከደጅ ቀረሽ?»

«ነፋስ እየተቀበልኩ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ሳውናው በዝቶብኝ።»

«የፈላ ውሃ ላምጣልሽ? ኡርሆ በይኝ ብቻ!»

«ውሃ አፍስሰህ በላዩ ሌላ የበረዶ በር ልትሠራልኝ ነው?»

የእግሯ ጣቶች ደንዝዘዋል። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይመጣ ነበር፤ መኪናው ግን ይሄዳል። እጀታውን አልጎተተችም፤ ፕላስቲክ በዚህ ብርድ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። ይልቅ ጀርባዋን ሰጥታ በሩን ወደ ውስጥ በዳሌዋ ገፋችው። ስንቱን የአውቶቡስ በር በጥር ማለዳ እንዲህ አላቅቃዋለች! ታች በዳሌ፣ መሃል በትከሻ፣ ላይ በቡጢ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ዞረች።

ቀጭ! አለ በረዶው። ቀጭ፣ ቀጭ!

ከዚያ እጀታውን በሁለት ጣት ሳብ ስታደርገው በሩ ወለል አለ። ፎጣው ተገትሮ ወጣ፤ ወስዳ ኡርሆ ፊት በረዶው ላይ እንደ ባንዲራ ተከለችው። ደረቅ ልብስ እንኳ ሳትለብስ መጀመሪያ ጎማውን ጠርጋ ቀባች። ይቺ ናት ሂልካ!

ኡርሆ ቋሊማውን አገላበጠ። ኋላ ቀና ብሎ፦

«ያ ግሊሰሪን... ከየት ነው የገዛሽው?»

«ከፋርማሲ። ና፣ እንካ ያዝ። ቋሊማውን ግን ለኔ ተወው።»

ትንሽ ቆይቶ ኡርሆ በገዛ በሩ ሥር ተንበርክኮ ጎማ ይቀባ ነበር። ሂልካ ሦስት ሹራብ ደርባ፣ በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ቋሊማውን በሰናፍጭ እየገመጠች፦

«ማዕዘኑን ዘለልከው፣ ዋርሳዬ!»