የአክስቴ ቤትና ቀጥ ያለው ጎዳና

ከተማ በማስመሪያ ይሠራል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አንድ የጥር ቀን ያለ በርኖስ መንዝ ላይ ቆመው ቢውሉ ደስ ይለኛል። በሃያ ሁለት ዓመቴ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ቅጣቱን ቀምሼዋለሁ።

ያደግሁባት ከተማ ከሞላሌ የግማሽ ቀን መንገድ ትርቃለች። አንድ ጎዳና ብቻ ነበራት፤ እሱም ጠማማ። ቤቶቿ ጀርባቸውን ለጓሳ ከፍታ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ነፋሱ የሚወርደው ከዚያ ነውና። ጎዳናው አክስቴ ቤት ሲደርስ ይታጠፋል፤ ነፋሱም እዚያው ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ይቀራል። ከግድግዳው ወዲህ ባለው መደብ ላይ ገበያተኛው ጠላውን ይዞ ፀሐይ ይሞቃል። የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ዝተት፣ ሻጭና ገዢ እዚያ ይስማማሉ፤ የተጣላም እዚያ ይታረቃል። ኋላ ስለ ከተሞች ብዙ አነበብኩ፤ ከዚያ መደብ የበለጠ ነገር የነገረኝ መጽሐፍ የለም። አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በዚሁ መደብና በጠላ ጋናቸው ነበር።

አንድ ቀን ከበላይ የተላከ መሐንዲስ በበቅሎ መጣ። ብርዱን ፈርቶ ከገዥው እንግዳ ቤት ሳይወጣ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ከተማችንን ነደፋት። ጎዳናው ከገዥው ቢሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቀጥ ይላል፤ በሮች ሁሉ ወደ ጎዳናው ይዞራሉ፤ ከጎዳና የሚታይ ጣሪያ ሁሉ ቆርቆሮ ይሆናል። ጎዳናው ሊለካ ሲወጣ፣ እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ስለነበርኩ የመለኪያውን ገመድ አንድ ጫፍ ያዝኩ። ገመዱ በአክስቴ ቤት መካከል አለፈ።

አክስቴ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ።

«እማማ፣ መኪና ስለሚመጣ ነው» አላቸው መሐንዲሱ።

«መቼ ነው የሚመጣው፣ ጌታው?»

«ወደፊት።»

«የናንተ መኪና መዞር አያውቅም?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ የወንድሜ ልጅ? ነፋሱን ታውቀዋለህ። እዚህ አይደል ያደግኸው?»

«ሥልጣኔ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ነፋሱን አውቀው ነበር። ግን ጎዳናቸው ቀጥ ያለ የሩቅ ከተሞችን ሥዕል በመጽሔት አይቼ ነበርና በጠማማው ጎዳናችን አፈርኩ።

ቤቱ ፈረሰ። አክስቴ ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ተሰጣቸው፤ የአዲሱ ቤታቸው በር ወደ ጎዳናው እንዲዞር በመታዘዙ ወደ ጓሳ ዞረ። የቀረው ሕዝብ ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸመ፤ ከጎዳናው የሚታየውን የጣሪያ ክዳን በቆርቆሮ፣ የማይታየውን እንደ ድሮው በጓሳ ሣር። በመገጣጠሚያው ዝናብ ገባ። ገዥው ግን ከቢሯቸው ሲመለከቱ ሁሉም ቆርቆሮ ስለነበር ከተማዋ ሠለጠነች ብለው ጻፉ። ደብዳቤውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ነፋሱ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ወጣ። የሚያቆመው አልነበረም። ዝተቱን ገለበጠ፤ አቧራውን ጠላ ውስጥ ጨመረ። አክስቴ በር ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ጣሳውን ሳይጨርስ ሄደ። በሦስተኛው የገበያ ቀን ጎዳናው ላይ ከመሐንዲሱ ችካሎች በቀር ማንም አልነበረም። ገበያው ስብሰባ ሳይጠራ፣ ማመልከቻ ሳይጽፍ፣ ከከተማዋ ዳር ካለው ጉብታ ሥር ነፋስ ወደማያገኘው ቦታ ሄዷል። ገዥው እንዲመልሱት ዘበኞች ላኩ። ዘበኞቹም እዚያው ሞቋቸው ቀሩ።

አክስቴ የፈረሰ ቤታቸውን ድንጋይ በአህያ ወደዚያ አስጫኑና ቢሮዬ መጡ። ከፕላኑ ውጭ ቤት መሥራት ክልክል ነበር።

«ወረቀት ስጠኝ» አሉ። አልተቀመጡም።

ፕላኑን አገላብጬ አየሁት። መሐንዲሱ ስለ በጎች አንድም ቃል አልጻፈም፤ መንዝ መጥቶ። «ለበግ በረት ተፈቅዷል» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት ብቸኛ የረባ ወረቀት እሱ ነው።

በረቱ ጠምዘዝ ያለ ካብ ሆነ፤ በውስጡም ረጅም መደብ። ሳምንት ሳይሞላው መቀመጫ ጠፋ። እኔም ስሄድ አክስቴ ጠላ ቀዱልኝ፤ ከሰዎቹ መካከል ልጠጋ ስል ግን ካቡ ወደሚያልቅበት፣ ነፋሱ ወደሚገባበት ጫፍ በእጃቸው አመለከቱኝ።

«አንተ እዚያ» አሉ። «ቀጥ ብሎ ይምጣልህ።»

ጣሳዬን ይዤ ሄጄ እዚያ ተቀመጥኩ።