እንግዳ የማትመልሰው ስንዴ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ እህት አዳዳ ዘይነባ ነበሩ። ያኔ መብራት ገና መጣ ስንል ስለሚሄድ ኩራዝ ይለኮሳል፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ቢያስለቅሰንም ከፍሙ ዳር ንቅንቅ አንልም ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምፈራው የቀዩን እንግዳ ነው። ቀይ ለብሶ በነፋስ ይመጣና ማሳ ገብቶ እያንዳንዷን ስንዴ «ታውቂኛለሽ?» ይላታል። «አዎ፣ ግባ» ያለችው በቆመችበት ትደርቃለች። «አላውቅህም» ያለችው ትተርፋለች፤ ልጆቿም በር መዝጋትን ከእሷ ይወርሳሉ። እንግዳው ግን ሞኝ አይደለም፤ ልብሱን ቀይሮ ይመለሳል።

«የእርስዎ ስንዴስ ምን ትለዋለች?» አልኳቸው አንድ ማታ። አዳዳ ከእናታቸው የወረሱትን ዘር በየዓመቱ ከምርጥ ምርጡ ዛላ እየለቀሙ ለብቻው ያኖሩ ነበር።

ሳቁ። «የእኔማ የባሌ አገር ልጅ አይደለች እንዴ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ? እንግዳ መመለስ የት ታውቅና!»

በዚያው ዓመት ጉሙ ሳይነሳ ሰነበተ። አንድ ጠዋት አዳዳ ከማሳ ሲመለሱ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ዝገት የነካው ይመስል ነበር። የስንዴ በሽታው፣ ዋግ፣ ገብቷል። ደጅ ቆመው ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ አራገፉ፤ አልለቅ አላቸው። ከማሳው አንድ ቁና እንኳ አልገባም፤ ከዚያም ወዲህ ተረት ሲነግሩ አልሰማሁም። ከመሞታቸው በፊት ጎታ ጥግ የቀረችውን እፍኝ ዘር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ይቺ እንዳትጠፋ፣ አደራ» አሉኝ።

ዛሬ ሥራዬ ዋግን በዘር የሚቋቋም ስንዴ ማዳቀል ነው። የትኛዋ እንደምትቋቋም ለማወቅ በሽታው ራሱ መምጣት ስላለበት፣ በሙከራ ማሳው ዙሪያ ዋግ የማይምራትን ስንዴ እንዘራለን፤ ቀድማ ታማ ለሌሎቹ ታስተላልፋለች። እኔ የምዘራው የአዳዳን ነው። እንደ እሷ ፈጥኖ የሚታመም አላገኘንም። ለከርሞ ዘር የሚሆነኝን ጥቂት ስንዴ መድኃኒት ረጭቼ አተርፋለሁ፤ የቀረችውን ለእንግዳው እተዋታለሁ።

አደራ በላ ልባል ወይስ አደራ ጠባቂ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ያስፈራኛልም። ዋጉ በገባ ሰሞን ከአረንጓዴዎቹ መሀል ቆሜ ዙሪያዬን ስመለከት፣ የአዳዳ ስንዴ እንደ ያኔው ቀልታ ትጠብቀኛለች። ማታ ቤቴ ስደርስ ወዲያው አልገባም። ደጅ ቆሜ ልብሴን አራግፋለሁ።