በሩ ሲከፈት ተቀመጡ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አገር ቤት አብረውኝ ከታሰሩት ተማሪዎች መካከል ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ። እዚህ አሜሪካ የታሰርኩበት ክፍል ግን ማሞቂያ ነበረው፤ ምግብ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፤ ማንም በጥፊ አልመታኝም። ይህን እስር ብዬ ስጽፍ ነውር እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ቢሆንም ፍርሃቱ ያው ፍርሃት ነበርና እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ጥገኝነት ጠየቅሁ። በማግስቱ እጄን በካቴና አስረው ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ ወዳለ አንድ እስር ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ የበረኪና ሽታ ነበረው። ተደራራቢ የብረት አልጋዎች፣ ክዳን የሌለው መጸዳጃ፣ ከጣሪያው ላይ ያለማቋረጥ እንደ ዝንብ የሚጮህ መብራት። አንዱ አልጋ ላይ የኛ ሰው ተጋድሞ አገኘሁ። በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል፤ ስልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወረቀቱ ኤክስፓየር አድርጎበት የተያዘ ነው።

«አይዞህ» አለኝ ሳይነሣ። «እዚህ ሕጉ አንድ ነው። በሩ ሲከፈት አልጋህ ላይ ቁጭ፣ እጅህ ጉልበትህ ላይ። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«ከተነሣህ ሪፖርት ያደርጉሃል። ሪፖርቱ ጃጁ ጋ፣ ዳኛው ጋ ከደረሰ ደግሞ ኬዝህን እርሳው። በመጣህበት ፕሌን ነው የሚመልሱህ።»

ቦሌ ማን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። ጠባቂው አንድ ቀጭን ጥቁር ሽማግሌ ከስልክ መልሶ አስገባ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። እኔ ደግሞ ሽበት ያለው ሰው ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም። እግሬ ሳያማክረኝ ብድግ አለ፤ አንገቴም ጎንበስ አለ።

«ቁጭ በል! ቁጭ!» ጠባቂው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። በድንጋጤ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ከላይኛው አልጋ ብረት ጋር ተጋጨ። ጠባቂው በእጄ አንጓ ላይ የታሰረውን ቁጥር አነበበ። «ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ ከተነሣህ ለዳኛው ይጻፋል።»

በሩ ሲዘጋ ሹፌሩ በሳቅ ፈረሰ። «ምነው፣ ሠርግ ቤት የገባህ መሰለህ?»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። በእንግሊዝኛ «አንተ ልጅ፣ ልትመታኝ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! ታላቅ ስለሆኑ ነው። እኛ አገር ታላቅ ሲገባ ይነሣሉ።»

«እኔስ ያኔ ምን እላለሁ?»

«‹በእግዚአብሔር› ይላሉ። ተቀመጡ እንደማለት ነው። እስኪሉ ድረስ አንቀመጥም።»

ቃሉን ደጋግመው አፋቸው ውስጥ አላመጡት። «እዚህ አገር እኔ ለዳኛ ስነሣ ነው የኖርኩት» አሉ። «ለእኔ የተነሣ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

የመርከብ ወጥ ቤት ነበሩ። የተወለዱት ሱሪናም ነው፤ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። «አገሬ ነፃ የወጣች ቀን እኔ ባሕር ላይ ድንች እልጥ ነበር» አሉኝ። «በዚያ ቀን አድራሻው ሱሪናም የነበረ ሱሪናማዊ ሆነ፤ ሆላንድ የነበረ ሆላንዳዊ ሆኖ ቀረ። ድንች ላጩን ማንም አላሰበውም። አሁን ሆላንድ ‹የሱሪናም ነህ› ትለኛለች፤ ሱሪናም ‹የሆላንድ ነህ› ትለኛለች። አሜሪካ ደግሞ ‹የማንም ሁን፣ ብቻ ሂድልኝ› ትላለች።»

አገራቸው ነፃ በወጣችበት ዓመት ግን ሆላንድ፣ ሮተርዳም እህታቸው ቤት ተመዝግበው ነበር። እህታቸው መዝገቡን በሆላንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ ስትፈልግ ወራት አልፈዋል። ካልተገኘ መቼ እንደሚወጡ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቁልፍ በተንቀጫቀጨ ቁጥር እጄን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። ላቤ በሱሪዬ ያልፋል። ሽማግሌው ከስልክ ሲመለሱ ወለሉን እያየሁ እቀመጣለሁ። እሳቸው ግን በአጠገቤ ሲያልፉ ቀስ ብለው «በእግዚአብሔር» ይሉኛል፤ ልክ እንደተነሣሁላቸው። ያ ከጠባቂው ጩኸት ይልቅ ያመኝ ነበር።

አንድ ጠዋት በሩ ሳናስበው ተከፈተ። «ዕቃህን ሰብስብ» አላቸው ሽማግሌውን ያው ጠባቂ።

«ወዴት ነው?»

ጠባቂው በሩን ይዞ ቆመ። እንዲህ ተጠርተው የወጡ ሰዎች ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም። ሽማግሌው የጥርስ ብሩሻቸውን ፌስታል ውስጥ መክተት አቅቷቸው ሁለት ጊዜ ጣሉት። ጠባቂው ተሰላችቶ ወረቀቱን ገለጠና «ሮተርዳም ይላል» አለ።

ሽማግሌው አልጋው ላይ ተቀመጡ። «አገኘችው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ፌስታላቸውን ይዘው ወደ በሩ አመሩ።

ተነሣሁ።

«አንተ ልጅ! ኬዝህ!» አለ ሹፌሩ በሹክሹክታ።

«ቁጭ በል!» አለ ጠባቂው። ቦሌ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ግን አልተቀመጥኩም። ሹፌሩም እግሩን ከአልጋው አወረደ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ዞሩ። ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ጠባቂው፣ ከጠባቂው ወደ እኔ መለሱ። «በእግዚአብሔር» አሉ፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብለው።

ያኔ ተቀመጥኩ።

ጠባቂው እንዳለው ጻፈብኝ። እስከ ቀጠሮዬ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዳኛው ጠባቂው የጻፋት ወረቀት ላይ ሲደርሱ ጥቂት አዩአትና ገልጠዋት አለፉ። ለምን እንዳለፏት አልጠየቅሁም።

አሁን ስልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ስለ ቅኝ አገዛዝ ማብቃት እንድንጽፍ ታዘዝን፤ እኔ ሆላንድን መረጥኩ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የቤተ መዛግብት ቅጂዎችን አገላበጥኩ፤ ፊርማዎች አሉ፣ የባንዲራ ሥነ ሥርዓት አለ። ድንች የሚልጥ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የሆላንድ አገዛዝ በሱሪናም ያበቃው ኅዳር 15 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው፤ ለመምህሬም ያንኑ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌ ሰጠሁ። ትክክል ነው፣ ማርክም አግኝቼበታለሁ። እኔ በዓይኔ ሲያበቃ ያየሁት ግን ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ፣ በዚያ በር ላይ ነው፦ ሐሙስ፣ መጋቢት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.