«ሰምቻለሁ» ያሉት እናት

ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው የጥቁሮች ሰፈር፣ ቴምቢሳ ታውንሺፕ ውስጥ፣ ሱቅ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ድምፁ ይለወጣል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ዳቦና የስልክ ካርድ ለሚሸጥ ሰው ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፤ ደንበኛው ይጮሃል፣ እሱ ዕቃውን ያቀብላል። የእኔም ድምፅ እየሳሳ ሄዶ፣ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ኮንከር ስጫወት ስላደግሁ ካርታ አይከብደኝም። ጆሃንስበርግ መጥቼ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ከለመድኩ በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት ሱቁን ለሸሪኬ እየተውኩ ካዚኖ ውስጥ ወደሚደረገው ውድድር መሄድ ጀመርኩ። ሁሉም በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዘው እኩል ቺፕ ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ቺፑ ያለቀበት ተነስቶ ይሄዳል። የሳበኝ ያ እኩልነቱ ይመስለኛል። ከሱቄ ውጭ ከአገሩ ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምቀመጠው እዚያ ብቻ ነበር።

አንድ እሁድ ፊት ለፊቴ ጡረታ የወጡ ነርስ ተቀመጡ። ክሊፕታውን የሚባለው ሰፈር ሰው ናቸው። ሁሉም «ማማ» ስለሚላቸው እኔም ማማ አልኳቸው። ከጎኔ ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ጎልማሳ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡት የጋራ ካርታዎች የመጨረሻው ብቻ ሲቀር ማማ ቺፕ አስያዙ። የእኔ ካርታ ጥሩ ስለነበር እሳቸው ካስያዙት በላይ ላስይዝ ፈለግሁ። «ሬይዝ» አልኩና አንድ ትልቅ ቺፕ ወደ መሃል ወረወርኩ።

ካርታ የሚያድለው ልጅ «ኮል» አለ። ማማ ያስያዙትን ያህል ብቻ እንዳስያዝኩ ቆጥሮት ነው።

«ሬይዝ ብያለሁ እኮ» አልኩ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሳይናገር አንድ ትልቅ ቺፕ ያስቀመጠ ሰው፣ ቺፑ የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ እንዳልጨመረ ይቆጠራል፤ ትርፉም ይመለስለታል። ቃሉ ከቀደመ ግን የሚጸናው ቃሉ ነው።

ባለ መነጽሩ ሳቀ። «ምንም አላለም። ካርታው ይቀጥል። ማይ ፍሬንድ፣ መጀመሪያ ደንቡን ተማር!»

«ማይ ፍሬንድ» ታውንሺፕ ውስጥ የእኛ የሐበሾቹ ሁሉ የጋራ ስም ነው። ፊቴ ጋለ። «እሺ፣ ይሁን» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፖሊስ ፊትም፣ ወረቀት ለማሳደስ ስሰለፍም የለመድኩት ይህንኑ ነው።

አዳዩ ግን እጁን አንስቶ የውድድሩን ዳኛ ጠራ። ዳኛዋ መጥታ እሱንም፣ ባለ መነጽሩንም፣ እኔንም በተራ አዳመጠች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ «የሰማ ሌላ ሰው አለ?» አለች። ሁሉም የራሱን ቺፕ ማየት ጀመረ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ ማማ። «ሬይዝ ብሏል። በለሆሳስ ነው ያለው፤ ቢሆንም ቺፑ ከእጁ ሳይወጣ ነው።»

ዳኛዋ ወደ እሳቸው ዞረች። «ማማ፣ ያስያዙት እኮ እርስዎ ነዎት። ሬይዝ ከሆነ ወይ ይጨምራሉ፣ ወይ ካርታዎን ይጥላሉ።»

«አውቃለሁ። አንቺ የጠየቅሽው የሰማነውን ነው።»

ሬይዝ ነው ተብሎ ተወሰነ። ማማ አገጫቸውን ይዘው አሰቡና የቀራቸውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሃል ገፉት። እኔም ተቀበልኩ። ካርታችን ሲገለጥ የእኔ ሦስት ንጉሥ ሆነ፤ እሳቸው ደግሞ ለማሸነፍ አንድ ቀይ ልብ ብቻ ነበር የጎደላቸው። ዝም ቢሉ ኖሮ ያንን የመጨረሻ ካርታ አንድም ቺፕ ሳይጨምሩ ያዩት ነበር። የወጣው ጥቁር ሆነ። ማማ ተነስተው ሹራባቸውን አጠለቁ፤ ባለ መነጽሩን ሳይቀር ጨበጡና ሄዱ።

በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ ወጣሁ። ካዚኖው ሻይ ቤት ውስጥ ወንድማቸው በመኪና እስኪመጣ እየጠበቁ አገኘኋቸው።

«ማማ፣ ለምን ተናገሩ? ተጎዱ እኮ» አልኳቸው።

«ስትል ሰማሁህ፣ ልጄ። በሽተኛ ጮክ ብሎ አያወራም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር ስሰማ ነው የኖርኩት።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አንተም ጥፋት አለብህ! ቺፑን ከመንካትህ በፊት ቀና በል። የሚያድለውን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር። ሁልጊዜ እኔ አልኖርልህም።»

አመሰግናለሁ ለማለት ነበር የሄድኩት። እንባዬ ቀድሞኝ በወጉ እንኳ አልተናገርኩም። ዛሬም ስለዚያ ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ ማሸነፌ አይደለም፤ ለነገሩ ከእረፍት በኋላ ብዙ ሳልቆይ እኔም ተሸንፌ ወጥቻለሁ። በዚህ አገር ስኖር በሰው ፊት ቃሌን የመሰከረልኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ፤ ለዚያውም ራሳቸውን ጎድተው።

ያን ቀን ስልክ ተለዋወጥን። ክሊፕታውን ቤታቸው እየጠሩ ግቢያቸው ውስጥ ካርታ አለማመዱኝ። ባለቤቴ ጠቅልላ ስትመጣ ወንድማቸውን መኪና አስነድተው ኤርፖርት አብረውኝ ተቀበሏት፤ የመጀመሪያውን የዙሉ ሰላምታም እሳቸው ናቸው ያስተማሯት።

አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ወደ ውድድር አይሄዱም። እኔ ግን ከዚያ በወጣሁ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ስለ ማሸነፍና መሸነፍ ጠይቀውኝ አያውቁም። «ጠረጴዛው እንዴት ነበር? ጥሩ ሰዎች ነበሩ?» ይሉኛል፤ እኔም ታክሲው ቴምቢሳ እስኪደርስ ድረስ አንድ በአንድ አጫውታቸዋለሁ።